የማትታጠፈዋ ቱቦ

ሰኞ 3

ሦስት ሰው ለቀዶ ሕክምና አስተኝተን ሦስቱንም አነቃን። የመጨረሻው ግንበኛ ነው፣ አንገቱ ከእኔ ወገብ ይወፍራል። ሊነቃ ሲል ጥርሱን ገጥሞ ጉሮሮው ውስጥ ያለችውን ባለሽቦዋን የመተንፈሻ ቱቦ ነከሳት። ጥርስ መሃል የማስገባውን የጎዝ ጥቅል ቀደም ብዬ አውጥቼው ነበር፣ ቸኩዬ። ተራ ቱቦ ብትሆን ጥርሱ ሲለቃት ተመልሳ ትነፋለች። ባለሽቦዋ ግን ግድግዳዋ ውስጥ የተጠቀለለው ሽቦ አንዴ ከተደፈጠጠ በዚያው ይቀራል። ደግነቱ ቶሎ አወጣኋት። ሰውዬው አስሎ፣ አንዱን ሰድቦ፣ መልሶ ተኛ።

በዚህ ልክ የቀረችን እሷ ብቻ ናት። አዲስ መጣ መጣ ከተባለ ቆየ። በመቆንጠጫ ከጎንና ከጎን ጨምቄ ጨምቄ ክብ አደረግኳት። ከውጭ ለሚያያት ምንም አልሆነችም። እጄ ይባረክ ብዬ ራሴን አመሰገንኩ።

የቱቦዎቹ ማሸጊያ ላይ አንዴ ተሠርቶባቸው እንዲጣሉ ተጽፏል። እኛ ጋ ታጥበው፣ በእንፋሎት በስለው፣ ታሽገው ይመለሳሉ። ሁሉም ያውቃል፤ አለቃችንም ያውቃል፤ እንዲያውም የጀመረው እሱ ነው። ስለዚህ ለእንፋሎት ሰጠኋትና ወደ ቤቴ። እንፋሎት የማምከኛ ክፍሏ ሠራተኛ ናት። ቀኑን ሙሉ ከማሽኑ ጋር ስለምትውል፣ ስትናደድም እንደ ማሽኑ ስለምትጨስ ያወጣንላት ስም ነው። መጀመሪያ ተቆጣች፣ አሁን በስሟ ብንጠራት ዞር ብላም አታይ።

አባባ እራቱን ሳይነካ ጠበቀኝ። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው አመሸ።

ረቡዕ 12

ልብስ ሰፊዋ። አልሞተችም። ዛሬ መጻፍ አልችልም።

ሐሙስ 13

ልሞክር።

የልብስ ሰፊዋ እንቅርት ትልቅ ነው፤ የአየር ቧንቧዋን ወደ ጎን ገፍቶታል። አንገት ወደ ኋላ ተቀልብሶ ሲሠራ ተራ ቱቦ ይታጠፋል። ባለሽቦዋ አትታጠፍም፤ የተፈጠረችው ለዚህ ነው። ለተማሪዎች ዓመት በዓመት የምለው ይህንኑ ነው። ሴትየዋ ከመተኛቷ በፊት ትከሻዬን ስታይ ቆይታ፣ ይህን ልብስ የሰፋልሽ ሰው ተጣልቶሽ ነበር ወይ አለችኝ። አንዱ ትከሻው ተንጋዷል። ስነሳ አስተካክልልሻለሁ ብላ እየሳቀች ተኛች።

ሥራው ተጋምሶ ነበር። ቀዶ ሐኪማችን ጭንቅላቷን ትንሽ ወደ ግራ አስዞረ። ወዲያው ማሽኑ ጮኸ። ደረቷ አይነሳም። ሳዳምጣት ፉጨት አለ። አስም ነው አልኩ፣ መድኃኒት ሰጠሁ። ደገምኩ። ቀዶ ሐኪሙ እጁን ከቁስሉ ላይ ሳያነሳ፣

«ቱቦዋ ታጥፋ ይሆን እንዴ?» አለኝ።

«ባለሽቦ ናት፤ አትታጠፍም።»

እንዴት አፌን ሞልቼ እንደተናገርኩት አሁንም ይሰማኛል። ሌላ መድኃኒት ሰጠሁ። ከንፈሯ ጠቆረ፣ ልቧ ዘገየ። ከዚያ እጄ ከሐሳቤ ቀድሞ ቱቦዋን ነቀላት። ሌላ ቀጭን አስገባሁ፤ ደረቷ ተነሳ። በመሃሉ ስንት ደቂቃ እንደሄደ ሰዓት ያየ የለም፤ ወይም ያየ አልተናገረም። ቀዶ ሐኪሙ ግማሹን እንቅርት እዚያው ትቶ ቁስሉን ዘጋ።

ያወጣኋትን ቱቦ አለቃችን በመቀስ ለሁለት ሰነጠቃት። የውስጥ ሽፋኗ ተላቅቆ አብጧል፣ ሽቦዋም አንድ ቦታ ላይ ተደፍጥጧል። የሴትየዋ ጭንቅላት ሲዞር የተደፈጠጠው ሽቦ እብጠቱ ላይ ተጭኖ ነው አየር ያጣነው። ሁላችን ጎንበስ ብለን አየን። «ይቺ እንዴት ታሽጋ ወጣች?» አለ። ማንም አልመለሰለትም። እኔም ከማንም አንዷ ነኝ።

ቅዳሜ 15

ዓይኗን ገለጠች! ስሟን ስትጠየቅ በትክክል ተናገረች።

ጽኑ ሕሙማን ክፍሉ በር ላይ ባሏ ያዘኝ። ዝናብ አብስብሶት ሙሉ ልብሱ ይንጠባጠባል። ሐኪሙ ሁሉን እንደነገረው፣ ቱቦዋን ቶሎ ቀይሬ ያተረፍኳት እኔ እንደሆንኩ፣ ይህን ዕድሜ ልኩን እንደማይረሳው ነገረኝ። እጄን በሁለት እጁ ይዞ አልለቅም አለ። «ቶሎ» ነው ያለው። ምንም አይደል፣ ሥራችን ነው አልኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ሰኞ 17

እጆቿ። ዝም ስትል ምንም የለባቸውም። አንድ ነገር ላንሳ ስትል ግን ይዘልላሉ። ብርጭቆ ልትይዝ ስትል ውሃው ደረቷ ላይ ፈሰሰ። አንጎሏ አየር አጥቶ በነበረበት ጊዜ የመጣ ነው፤ ሊሻላትም ላይሻላትም ይችላል ይላሉ። ለባሏ የተነገረው «ሊሻላት ይችላል» የሚለው ግማሹ ብቻ ነው።

መርፌ እንዴት ትይዛለች?

ማክሰኞ 18

እንፋሎት ምሳ ሰዓት ላይ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። ኮሚቴ ሊቋቋም ነው። የተበላሸ ዕቃ ለይቶ መጣል የማምከኛ ክፍል ሥራ ነው ተብሏል፤ ማምከኛ ክፍል ማለት ደግሞ እሷ ናት። ከእኔ ጎን ተቀምጣ ዳቦዋን እየቆራረሰች ሳትበላው፣ እስቲ አስታውሺኝ አለች።

«ያቺን ቱቦ ማን ነው የሰጠኝ? ተበላሽታ እንደነበር የነገረኝ ሰው አለ? እኔ ቀን ከቀን መለየት አቃተኝ እቴ።»

«አላስታውስም» አልኳት።

በእርግጥም አላስታውስም። በቀን ስንቱን ዕቃ ስንት ሰው ይሰጣታል። የኔዋ ሌላ ልትሆንም ትችላለች። ግንበኛው የነከሳት ሌላ፣ ይቺ ሌላ። ቱቦ ቱቦ ነው።

ሐሙስ 20

ለእንፋሎት ሻይ ወሰድኩላት። ስኳር ሦስት፣ እንደምትወደው።

አርብ 21

ዛሬም ወሰድኩላት። ዣንጥላ የላትም፤ የኔን ሰጠኋት። ሳቀችና፣ እስከዛሬ ኩራተኛ ትመስይኝ ነበር፣ ሰው እንዲህ በክፉ ቀን ነው የሚታወቀው አለችኝ። ጥርሴን እንዳመመኝ ነገርኳትና ተነስቼ ሄድኩ።

እየበሰበስኩ ቤት ገባሁ። አባባ ዣንጥላዬን ጠየቀኝ። ጠፋ አልኩት። ለአባቴም መዋሸት ጀመርኩ ማለት ነው።

እሑድ 23

አባባ በቀን ሲያሸልብ ያንኮራፋል። ድሮ ትራስ እወረውርበት ነበር። አሁን ዝም ሲል ነው የምደነግጠው። ዛሬ በሩ ላይ ቆሜ ደረቱ ሲነሳና ሲወርድ ሳይ ነቃ።

«ምነው ልጄ፣ ልሞት ነው እንዴ? ቀድመሽ ከሰማሽ ንገሪኝ እንጂ።»

አይ አባባ፣ ዝም ብዬ ነው አልኩ። ዝም ብሎ የሚቆም ሰው ቤት ውስጥ አንቺን ብቻ ነው ያየሁት አለ። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ነድቷል፤ ሞተር አልነሳ ያለው ሰው ሲያይ ያውቃል። ምን እንደሆንኩ ግን አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። ይመስለኛል።

ረቡዕ 26

ኮሚቴው ጠራኝ። ሦስት ሰዎች፣ አንዱ አለቃችን። ፊታቸው ላይ የተሰነጠቀችው ቱቦ በላስቲክ ውስጥ አለች። ከመጠቀምሽ በፊት አይተሻት ነበር ወይ አሉኝ። ከውጭ ደህና ነበረች አልኩ። ውሸት አይደለም። ማሸጊያዋስ አሉ። ያልተቀደደ ነበር፣ የማምከኛ ክፍል ምልክትም ነበረበት አልኩ። ይህም ውሸት አይደለም። አንዷ ሴት ቀና ብላ፣ ስለዚህ ወደ አንቺ የደረሰችው ታሽጋና ተፈትሻ ነው አለች። «አዎ» አልኩ።

ቱቦን ወደ ብርሃን አንስቶ በውስጧ ማየት የሚባል ነገር አለ። ለተማሪዎች አስተምረዋለሁ። ስላልተጠየቅሁ አላነሳሁትም።

ስወጣ አለቃችን ተከትሎ ኮሪደሩ ላይ ደረሰብኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ጥሩ ተናገርሽ አለኝ።

ሐሙስ 27

ተማሪዎች ነበሩኝ። ስለ አንገት ቀዶ ሕክምና የሚለው ትምህርት። አንዱ ባለሽቦ ቱቦ ለምን እንደሚመረጥ ጠየቀኝ። ስለማይታጠፍ አልኩ፣ ሌላ መልስ ስለሌለው። ከዚያ፣ ግን ይዘጋል አልኩ። እርሳስ ይዘው እየጠበቁኝ ነው። ይዘጋል፣ ደረት አልነሳ ሲል መጀመሪያ ቱቦዋን ጠርጥሩ፣ ማንም ምንም ቢላችሁ ቱቦዋን ጠርጥሩ። ድምፄ ሳይታወቀኝ ከፍ ብሎ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ።

ቅዳሜ 29

ልብስ ሰፊዋ ከአልጋ ወርዳ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ነርሶቹ ልምምድ እንድታደርግ ክርና ትልቅ መርፌ ሰጥተዋታል። እጇ ወደ መርፌው ሲጠጋ ይዘላል፣ ክሩ ይስታል፣ እንደገና ትጠጋለች። ስታየኝ መርፌውን ጭኗ ሥር ደበቀችው። አፈረች። እኔ እያለሁ እሷ አፈረች።

ባሏ ነገሩን ሊያቀልላት ፈልጎ፣ እጇ ይመለስ እንጂ መጀመሪያ የምትሰፋው ላንቺ ቀሚስ ነው፣ ቃል ገብታለች አለኝ። ቀለም ምረጪ አለችኝ እሷም። ምርጫ አቃተኝ። ሰማያዊ አልኩ፣ ለመገላገል።

የቀረው እንቅርቷ ደግሞ መውጣት አለበት። እንደገና መተኛት አለባት። «አንቺ ካልሆንሽ አልገባም» አለች።

ሰኞ 1

እንፋሎትን ከማምከኛ ክፍል አነሷት። ለጊዜው ልብስ ማጠቢያ ገብታለች፤ የመጨረሻው ውሳኔ ሐሙስ ሳምንት ይወጣል። ስንብት ነው ይላል ሁሉም፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። የካፍቴሪያዋ ገንዘብ ተቀባይ ስታወራ ሰማሁ፦ ሰው ልትገድል ነበር እኮ፣ ግድ የለሽ ናት፣ ሁሌ ስታወራ ነው የምትሠራው። ቆሜ ሰማሁ። ሻዬን ከፍዬ ወጣሁ።

ሻዩን ልብስ ማጠቢያ ወሰድኩት።

ረቡዕ 3

አለቃችን ጋ ገብቼ ነበር። ስለ እንፋሎት ላነሳ። ሰው ናት፣ እናቷን የምትጦር ናት፣ ስንብት ይከብዳል አልኩት። ቅጣት እንዲቀልላት ለመንኩ ማለት ነው። ደግ ሴት ሆኜ። እሱም ልቤ ሩኅሩኅ እንደሆነ ነገረኝ።

የገባሁት ሌላ ነገር ልናገር ነበር። ሳልናገረው ወጣሁ።

ሰኞ 8

ማምከኛ ክፍል አዲስ ልጅ መጥታለች፤ ሥራውን የምታሳያት እንፋሎት ናት፣ ለሦስት ቀን ከልብስ ማጠቢያ አስመጥተዋት። የታሸጉ መሣሪያዎች ልወስድ ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ልጅቷን ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ግፊቱ፣ ስለ ማሸጊያው በቀልድ እያዋዛች ስታስረዳ ቆየች። ከዚያ ድምፅዋ ተቀየረ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ የኔ እህት። ጠማማ ነገር ካየሽ ጠይቂ። ልጣለው ወይ ብለሽ ጠይቂ። እኔ ሳልጠይቅ አልፌ ነው ሰው ያጎደልኩት።»

ልጅቷ እሺ አለች። እኔ ዕቃዬን ሳልወስድ ተመለስኩ።

ጠይቃኛለች።

ይኸው ጻፍኩት። ቱቦዋን ወደ መስኮቱ አንስታ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ «ይቺስ ታማለች፣ ልጣላት?» አለችኝ። በመቆንጠጫ የጨመቅኩበትን ቦታ በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች። እኔ ቦርሳዬን አንግቤ በሩ ላይ ነበርኩ። «አትጣያት፣ እጠቢያት፣ ሌላ የለንም» አልኳት። አንቺ ካልሽ እሺ አለች። አንድም ቀን ረስቼው አላውቅም። እሷ ናት የረሳችው። በዚያ ላይ አንድ ነገር ጨመረችበት፦ አልጠየቅሁም ብላ አመነች። እኔ በየቀኑ ሻይ እየያዝኩ እየሄድኩ እንዴት እንደምታምን ሳይ ነበር።

ማክሰኞ 9

አባባን ነገርኩት። ስጨርስ፣ «ሴትዮዋ አሁን ሥራ ላይ ናት?» ብሎ ጠየቀኝ። እንፋሎትን ማለቱ ነው። እስከ ሐሙስ አልኩት። እንግዲያው ሐሙስ ሳይደርስ ነው አለ። ተቆጥቶኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ሻይ ላፍላልሽ ሲለኝ ሻይ አልፈልግም ብዬ ጮህኩበት፣ ምስኪን።

ረቡዕ 10

አለቃችን ጋ። በሩን ዘግቼ ቆሜ ተናገርኩ። ግንበኛው፣ የጎዝ ጥቅሉ፣ መቆንጠጫው፣ «አትጣያት» ማለቴ፣ በብርሃን አለማየቴ፣ «አትታጠፍም» ብዬ ጊዜ ማባከኔ። ሁሉንም።

መነጽሩን አወለቀ። ጉዳዩ አልቋል አለኝ፤ ለነገ የሚቀረው ፊርማ ብቻ ነው። አንቺን ካጣን ማን ያስተኛልናል? ቱቦ ማጠቡስ ሲነሳ የማን ስም ነው የሚነሳ? ቤትሽ ሂጂና አርፈሽ ተኚ፣ ይህን እንዳልሰማሁ ልቁጠረው አለ። ልለምነው የማልችለውን ነገር ራሱ አቀረበልኝ። ወንበሩ ላይ ያለውን ካፖርቴን አንስቼ ልወጣ ነበር፤ እውነቱን ልጻፍ እንግዲህ፣ አንድ እግሬ ወጥቶ ነበር።

ተመልሼ፣ ነገ ኮሚቴው ፊት ራሴ እናገራለሁ አልኩት። «አብደሻል» አለኝ።

ሐሙስ 11

ተናገርኩ። ሁለቱ ጻፉ፣ አለቃችን ጠረጴዛውን አየ። የእንፋሎት ውሳኔ ቀርቶ የኔ ተጀመረ። እስኪጣራ ድረስ ሰው አላስተኛም። ቱቦ ማጠብም ከዛሬ ጀምሮ ቆሟል፤ የሚቀጥሉት የአንገት ሥራዎች አዲስ እስኪመጣ ይጠብቃሉ፣ የልብስ ሰፊዋም ጭምር። በኔ ምክንያት ሁለት ጊዜ ጠበቀች ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ እሷ ጋ ሄድን፣ ቀዶ ሐኪሙና እኔ። ባሏ እንደተለመደው ከወንበሩ ተነስቶ ቦታ ለቀቀልኝ። አልተቀመጥኩም። ስናገር መጀመሪያ የገባው እሱ ነው። ታዲያ ያን ሁሉ ቀን ስናመሰግንሽ ለምን ትቀበይን ነበር አለኝ፣ ሳይጮህ። እሷ እጆቿን ብርድ ልብሱ ውስጥ አስገባች። ሌላ ሰው ያስተኛኝ አለች። እሺ አልኩ። ቀሚሱን ያነሳ የለም።

አርብ 12

ለእንፋሎት የነገራት ሰው አልነበረም። ነገ ደብዳቤ ይደርሳታል ብለው ዝም ብለዋታል። በደብዳቤ እንድትሰማ አልፈለግኩም፤ ሌላ ሰው ነግሯት እኔ ከፊቷ እንዳመልጥም አልፈለግኩም። ባዶ እጄን ሄድኩ።

ልብስ ማጠቢያው ይሞቃል፣ ማሽኖቹ ያጓራሉ። ከሁለት ሴቶች ጋር አንሶላ ታጥፋለች። ስታየኝ ፊቷ ፈካ፤ ዛሬ ሻይ የለም እንዴ አለች። ሴቶቹ ትንሽ ዞር እንዲሉልን ለመንኳቸው። ያን ያህል ርቀው አልሄዱም።

ነገርኳት። ቱቦዋን የሰጠሁሽ እኔ ነኝ አልኳት። ጠፍጣፋ የነበረችውን በመቆንጠጫ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። ስትጠይቂኝ አላስታውስም ያልኩሽ እያስታወስኩ ነው።

አንሶላውን እንደያዘች ቀረች። ስድብ ጠበቅኩ፣ ተዘጋጅቼም ነበር። እሷ ግን ዓይኗ ሌላ ቦታ ነው፣ አንድ ነገር እንደምትፈልግ ሰው።

«ቆይ» አለች። «ጠይቄሽ ነበር?»

«ጠይቀሽኛል። ወደ መስኮቱ አንስተሽ አይተሽ፣ ልጣላት አልሽኝ። አትጣያት ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

«ልጣላት ብያለሁ?»

«ብለሻል።»

አንሶላውን አስቀመጠች። ከዚያ እያየችኝ፣ ሻዩ ለዚህ ነበር ወይ አለችኝ። አዎ አልኩ። ዣንጥላውም? አዎ። ራሷን ነቀነቀች፣ ወደ ግድግዳው ሄዳ ከተንጠለጠለው ልብሷ ኪስ ስልኳን አወጣች። ውጪልኝ አለችኝ፣ ፊቷን ሳታዞር።

ወጣሁ። ከበሩ ጀርባ እናቷን ስታናግር ይሰማኛል። እናቷ ጆሮዋ ከበድ ሳይል አይቀርም፣ አንዱን ነገር ደጋግማ ነው የምትነግራት። ጠይቄ ነበር እማዬ። አይደለም፣ ጠይቄ ነበር። ከማሽኖቹ ድምፅ በላይ ለመሰማት እየጮኸች ስለነበር ሴቶቹም፣ ኮሪደሩ ላይ ጋሪ የሚገፋው ሰውም ቆመው ሰሙ።